የአዴ ዘይነባ ጀንፈል

አዴ ዘይነባ ሌባ አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ እጽፈዋለሁ፤ ሌላውን የማያነብ ሰው ቢኖር እንኳ ይህችን አንብቦ ይሂድ። በደርግ ጊዜ፣ ጅማ ውስጥ በነበረ አንድ የቡና መጋዘን፣ አርባ የምንሆን ሴቶች ቁጭ ብለን እያየን፣ ያላደረጉትን አደረጉ ተብለው ተባረሩ። አለማድረጋቸውን አርባችንም እናውቅ ነበር። በደሉ ይህ ነው። ከአርባዎቹ አንዷ እኔ ነኝ።

የሞቱት ባለፈው ክረምት ነው። እንደ እስልምናው ሥርዓት በዕለቱ ስለተቀበሩ አልደረስኩም፤ የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ ቤታቸው ሄጄ ከሴቶቹ መሀል ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። አንደኛዋ የሞቱት የትኛዋ ዘይነባ እንደሆኑ ጠፍቷት ስትጠይቅ፣ ሌላዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ያቺ እንኳ፣ ድሮ መጋዘን ቡና ሰረቀች የተባለችው" አለቻት።

ዞር ብዬ፣ "አልሰረቁም" አልኳት።

ሴትየዋ ደነገጠች። እሷ ሲባል ሰምታ እንደሆነ፣ ክፉ አስባ እንዳልሆነ ነገረችኝ። ያ ነገር ሲደረግ ይህች ሴት አልተወለደችም ይሆናል። ሲባል የኖረውን ነገር ማን ዝም ብሎ እንዳስባለው ስለማውቅ ከዚያ በላይ ልቆጣት አልቻልኩም። ቤቴ ስገባ ግን ደብተር አስገዛሁ። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። የልጅ ልጄ ፊደሌን አስተካክላልኛለች፤ ነገሩን ግን እንዳትነካብኝ ብያታለሁ።

መጋዘኑ የገባሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ከሰኮሩ መጥቼ ነው። ሥራችን ቡና ለቀማ ነበር። ከአጋሮና ከሊሙ በመፈልፈያ ማሽን አልፎ፣ ቅርፊቱ ተገፎ በጆንያ የመጣ ቡና ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይፈሳል፤ እኛ ግራና ቀኝ ተደርድረን ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውንና ጠጠሩን እንለቅማለን። ጠዋት ተቆጣጣሪው ስም ይጠራል። በመጀመሪያው ቀን ስሜ ሲጠራ "አቤት" ያልኩት ለራሴ ነበር፤ እሱ አልሰማኝም። ሁለት ጊዜ ጠርቶኝ ቀሪ ብሎ ሊያልፈኝ ሲል፣ አጠገቤ ያሉ አጠር ያሉ ሴት ክንዴን ይዘው ወደ ላይ አነሱት።

"እዚህ አለች" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በኦሮምኛ፣ "መቃን ኬ ኤኙ?" አሉኝ። ስሜን እየጠየቁኝ ነው።

"አስካለ።"

"አልሰማሁም።"

"አስካለ።"

"አሁንም አልሰማሁም። እናትሽ ይህን ስም ስታወጣልሽ እንዲህ አንሾካሹካ ነው?"

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ላለቅስ ደረስኩ። በሦስተኛው ግን ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ መጋዘኑ ገና ቡና ስላልገባበት ድምፄ ጣሪያው ጋ ደርሶ ተመለሰ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ "አልሐምዱሊላህ፣ አሁን መጣሽ" ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። አዴ ዘይነባን ያወቅኋቸው እንዲህ ነው። አዴ በአገራችን ለትልቅ ሴት የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ ያን ጊዜ አርባ ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ግን በዕድሜ የሚበልጧቸው ሴቶችም አዴ ይሏቸው ነበር።

መልካቸውን ለማያውቅ ለመንገር ያስቸግራል። አጭር ናቸው፤ ሲቀመጡ ግን ከሁላችን ረዘም ይሉ ነበር፤ ጀርባቸው ጎብጦ አላየሁም። አንድ ልማድ ነበራቸው። ሰው ሲያናግራቸው በጣታቸው የያዟትን ፍሬ ያስቀምጣሉ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ያብሳሉ፣ ሙሉ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ከዚያ ነው የሚሰሙት። ለእኔም እንዲሁ፣ ለኃላፊም እንዲሁ። "አንቺ" ብሎ ለጠራቸው ሰው ግን ከሥራቸው ቀና አይሉም ነበር። ኃላፊው ከፍ ባለ ድምፅ ሲደግመው፣ ሙሉ የምትባል ቀልደኛ ጓደኛችን፣ "ስማቸውን ሞክረው፤ እሱ ይሠራል" ትለዋለች። ስማቸውን ሲጠራ ወዲያው፣ "አቤት" ይላሉ፤ በቁጣ አይደለም፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ነው።

አንዲት ንግግር ነበረች ከአፋችን የማትጠፋ፤ "እኔ ምን አውቃለሁ" የምትል። ሰው ሲጠይቀን እሷን እንላለን፤ ሳንጠየቅም እንላለን። አዴ ዘይነባ ይህችን ንግግር ጠሏት። አንድ ቀን ሕግ አወጡባት፤ "እኔ ምን አውቃለሁ" ያለች ሴት የምታውቀውን አንድ ነገር ተነሥታ ሳትናገር ወደ ሥራዋ አትመለስም። መጀመሪያ የተያዘችው ሙሉ ናት። ተነሣችና፣ "ባሌ ሲዋሽ አውቃለሁ" አለች።

"እሱም ዕውቀት ነው" አሉ አዴ ዘይነባ፣ ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቀው። "ግን ለእኛ አይጠቅመንም። ከዚህ ጠረጴዛ አንድ ስጪን።"

ሙሉ ቆም ብላ ጠረጴዛውን አየችው። ከዚያ፣ መሬት ላይ የደረቀውን ቡና ሳታየው በሽታው ብቻ እንደምትለይ ተናገረች። ሁላችንም እንለይ ነበር፤ ግን እንደምናውቀው ሰው ሲናገረው የሰማነው ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ጨዋታ ሆነ። አንዷ ቡናው የየት አገር እንደሆነ ከቀለሙ ትናገራለች፤ ሌላዋ ዝናብ የነካው ጆንያ የቱ እንደሆነ እጇን አስገብታ ትለያለች። እኔ ስንት ቀን እንዳመለጥኩ አላውቅም። ሲይዙኝ አቀረቅራለሁ፤ አያስገድዱኝም፤ "ኢንሻአላህ ነገ" ይሉኛል። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት፣ ነቀዝ የበላውን ፍሬ ዓይኔን ጨፍኜ በክብደቱ እንደማውቀው ተናገርኩ። አላመኑኝም፤ ሻሽ አምጥተው ዓይኔን አሰሩኝና መዳፌ ላይ አንድ አንድ ፍሬ እያስቀመጡ ፈተኑኝ። አንድም አልሳትኩም። ሻሹን ሲፈቱልኝ ሴቶቹ እያጨበጨቡ ነበር። አዴ ዘይነባ ግን አላጨበጨቡም። ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው፣ "ይህን እኔ አልሰጠሁሽም፤ ያንቺ ነው" አሉኝ።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ከሥራ በኋላ መጋዘኑ ውስጥ መማር ጀመርን። መምህሩ ጨዋ ሰው ነበር፤ ትንሽ ንግግር ይወድ ነበር እንጂ። በመጀመሪያው ቀን ከጨለማ ሊያወጣን እንደመጣ ነገረን። አዴ ዘይነባ እጃቸውን አወጡና፣ ፊደል እንደማናውቅ እውነት መሆኑን፣ ሊያስተምረን በመምጣቱም እንደምናመሰግነው ተናገሩ። ቀጥለው፣ ከመጀመሩ በፊት አንዴ አጠገባቸው ተቀምጦ ቡና ቢለቅም ደስ እንደሚላቸው ገለጹለት። ሰውየው እየሳቀ ተቀመጠ። ደህናውን እያወጣ ጥቁሩን ሲተው፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ፈጠጠ። ሙሉ፣ "ኸረ መምህር፣ ይህን ቡና ሰው ነው የሚጠጣው" አለችው። እሱም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ጨለማ የሚለውን ቃል ከአፉ አልሰማንም።

አዴ ዘይነባ በፊደል ጎበዝ ነበሩ ብዬ አልዋሽም። ፊደል እምቢ አላቸው። ስማቸውን መጻፍ እስኪችሉ ወራት ወሰደባቸው፤ እኔ ቀድሜያቸው ጨርሼ ነበር። አላፈሩም። ስማቸውን በጻፉበት ቀን ወረቀቱን ቤት ወስደው ለልጃቸው ለሳዲያ አሳይተው መለሱት።

አሁን ወደማልወደው ቦታ እደርሳለሁ።

አዲስ ተቆጣጣሪ መጣ። ስሙን አልጽፍም። ከሌላ አገር፣ ከእህል መጋዘን ተዛውሮ የመጣ ነው፤ ስንዴና ገብስ ያውቃል፤ ቡና በስኒ እንጂ በዛፍ አይቶ አያውቅም። ከመጣ ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው። በዚያው ሰሞን ሳዲያ ወለደች፤ የአዴ ዘይነባ የመጀመሪያ የልጅ ልጅ። ሊሙ ያለ ወንድማቸው ለአራሷ ቤት ቡና ቀላ የሚሆን ጀንፈል ይዞላቸው መጣ። ጀንፈል ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና ነው። ቡና ቀላ ደግሞ እሱኑ ከነቅርፊቱ በቅቤ አብስሎ፣ ሽማግሌ መርቆበት ለቤተሰብ የሚታደልበት የአባቶቻቸው ሥርዓት ነው። ለዚህ የተፈለፈለ ቡና አይሆንም፤ ፍሬው ከነልብሱ መሆን አለበት። ወንድማቸው መኪናው ሊሄድበት ስለሆነ ጠዋት ወደ ሥራ ሲመጡ መንገድ ላይ ጠብቆ ሰጣቸው። አንድ እፍኝ ነው። በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው ገቡ። ቋጠሮውን ለእኔም ለሙሉም ፈትተው አሳይተውናል፤ አሽትተን መርቀናቸዋል።

ማታ ስንወጣ ሁልጊዜም እንፈተሻለን። ጫማ እናወልቃለን፣ ሻሽ እንፈታለን። ፈታሿ ቋጠሮውን አገኘችው። እሷም አዲስ ነበረች፤ ተቆጣጣሪውን ጠራችው። አዴ ዘይነባ ቀጥ ብለው ቆመው ነገሩን ሁሉ አስረዱ። ተቆጣጣሪው ግን፣ "ቡና ቡና ነው" አለ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ቆሞ ስብሰባ ተጠራ። እፍኟ ቡና ጠረጴዛው መሀል ወረቀት ላይ ተቀምጣለች። ተቆጣጣሪው ስለ ሕዝብ ሀብት ተናገረ፤ ስለ ኢኮኖሚ አሻጥር ተናገረ። ያ ቃል በዚያ ዘመን ሰው ያሳስር፣ ያስገድልም ነበር። ከዚያ አዴ ዘይነባን፣ "የምትዪው አለሽ?" አላቸው።

ተነሡ። እጃቸውን በቀሚሳቸው አበሱ።

"ይህ ቡና ጀንፈል ነው" አሉ። "እዚህ ቤት ጀንፈል ገብቶ አያውቅም። እኔን አይመኑኝ፤ እነሱን ይጠይቋቸው።"

ተቆጣጣሪው ወደ እኛ ዞረ። "እውነት ነው? የምታውቅ ትናገር" አለን።

አርባ ሴቶች ነበርን። ጀንፈሉ ፊታችን ላይ ነው። ለማወቅ ዓይን መጨፈን፣ መዳፍ መዘርጋት አያስፈልግም። በዓለም ላይ እኛ ከምናውቀው ነገር ሁሉ ይህን ያህል እርግጠኛ የሆንበት ነገር አልነበረም። ቀልደኛዋ ሙሉ ጣቶቿን ታያለች። እኔ ጠረጴዛውን አያለሁ። አዴ ዘይነባ አንድ በአንድ ተመለከቱን፤ ቁጣ አልነበረባቸውም፤ እንደ ጨዋታው ጊዜ፣ አንዷ እስክትነሣ እንደሚጠብቁ ነበር። እኔ ላይ ሲደርሱ ቆዩ። አቀረቀርኩ።

ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና እንዳይወሰድ ሰኮሩ አክስታችን ቤት ተደብቆ ነበር። የእኔ ስም ከተነሣ የእሱም ይነሣል ብዬ ፈራሁ። ይህን ለራሴ ስነግረው ዓመታት ኖሬአለሁ፤ ውሸትም አይደለም። ግን በዚያች ሰዓት መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ እሱ አልነበረም። መጀመሪያ የመጣብኝ፣ "እኔ ማን ነኝና?" የሚል ነው። እኔ ተናግሬ ማን ሊሰማኝ? ፍርሃቱ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ለማመን ረጅም ጊዜ ወስዶብኛል፤ አሁን ግን ጻፍኩት።

ከሰዓት በፊት በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ በስርቆት ከሥራ የተባረሩ መሆናቸውን የሚናገር። አዴ ዘይነባ ዕቃቸውን ይዘው ሲወጡ ወረቀቱ ፊት ቆሙ። እንደጀማሪ ተማሪ በጣታቸው እየተከተሉ እስከ መጨረሻው አነበቡት። በራሳቸው ያነበቡት የመጀመሪያ ወረቀት ያ ይመስለኛል። ዘበኛው መንገድ እንዲለቁ ሲነግራቸው፣ "አልጨረስኩም" አሉት።

ከዚያ በኋላ ለኑሯቸው ገበያ ኮረሪማና ቅመም ይሸጡ ጀመር። የሚገዛቸው ሰው አልጠፋም፤ ቅመማቸው ንጹሕ ነው። ግን አንዳንዷ ሸማች፣ ስትገዛ እጃቸውን እያየች፣ ሚዛን እንዳያጎድሉባት ትጠብቅ ነበር። ሳዲያን በሰፈሩ "የቡና ሌባዋ ልጅ" ይሏት እንደነበር የነገረችኝ አሁን፣ በለቅሶው ነው። ያ ቡና ቀላም አልተደረገም። እናቷ ሌላ ጀንፈል እንዳይመጣ ከልክለው፣ ልጁ ያለሱ እንዳደገ ነገረችኝ።

እኔ ገበያውን በሌላ በኩል እየዞርኩ ሁለት ዓመት አመለጥኳቸው። አንድ ቀን ግን ቤታቸው ሄድኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ያዙኝ፤ መቀመጫ ሰጡኝ፤ ውሃ አመጡልኝ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እንደ ልማዳቸው እጃቸውን አበሱ፣ ፊታቸውን አዞሩልኝ፣ እስክጨርስ ሰሙኝ።

"እኔ ይቅር ብዬሻለሁ፤ አላህም ይቅር ይበልሽ" አሉ። "እኔ ስለራሴ የማውቀውን እነሱ አልወሰዱብኝም። አንቺ ግን የምታውቂውን በገዛ እጅሽ ሰጠሻቸው። የእኔን ተይው። የራስሽን ሄደሽ አስመልሺ።"

እንዴት እንደሚመለስ ጠየቅኋቸው። "ይህን እኔ አላውቅም" አሉኝ። እሳቸው አላውቅም ሲሉ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ በሕይወቴ ብዙ ተጣልቻለሁ። ቀበሌ ሄጄ ተጣልቻለሁ፤ ሐኪም ቤት ተራ ያለአግባብ ሲያሳልፉብኝ ተጣልቻለሁ፤ ለጎረቤት፣ ለማላውቀው ሰውም ተጣልቻለሁ። ልጆቼ ክርክር እንደምወድ ያስባሉ። አልወድም። የሰው ሐቅ ሲነካ ዝም ካልኩ ያቺ ጠረጴዛ ፊቴ ትመጣለች።

ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝን ሳልናገር ብቀር ግን ይህ ጽሑፍ የሳቸው ሳይሆን የእኔ ይሆናል። ከሁለት ዓመት በፊት ጤና ጣቢያ ተገናኘን። አርጅተዋል፣ ሳዲያ ደግፋቸዋለች። ነርሷ ስም ስትጠይቃቸው አንሾካሾኩ። አልሰማቻቸውም። ደገሙት፤ አሁንም አልተሰማም። ዙሪያውን የተቀመጠውን ሰው ቃኘት አድርገው አቀረቀሩ። ሳዲያ ናት ጮክ ብላ የነገረችላት። እስከዚያ ቀን ድረስ፣ "አልወሰዱብኝም" ያሉኝን አምኜ፣ በእሱ ተጽናንቼ ኖሬ ነበር። ለካ ሰው ስለራሱ የሚያውቀውን ብቻውን ተሸክሞ ይህን ሁሉ ዓመት መዝለቅ ያቅተዋል። የሚመሰክርለት አንድ ሰው ያስፈልገው ነበር። አርባ ነበርን።

ከለቅሶው በኋላ ተቆጣጣሪውን አፈላለግኩ። አለ፤ ጡረታ ወጥቶ ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ ከልጁ ጋር ይኖራል። የልጅ ልጄ አይሆንም፣ ሽማግሌ ሰው አታስጨንቂ ብላኝ ነበር፤ በባጃጅ ሄድኩ። በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ ተቀምጧል። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። ስለ አዴ ዘይነባ ልጠይቅ እንደመጣሁ ስነግረው፣ የትኛዋ ዘይነባ አላለኝም። ማረፋቸውን ነገርኩት። እሱም ከስብሰባው ሁለት ወር በኋላ ለሥራ አጋሮ ሄዶ፣ መፈልፈያው አጠገብ ቆሞ ቡናው ከነቅርፊቱ ሲገባና ተገፎ ሲወጣ ማየቱን፣ እዚያው እፍኟ ጀንፈል ትዝ እንዳለችው ነገረኝ። የዚያን ዕለት አውቋል ማለት ነው። ከዚያም በኋላ እዚያ መጋዘን ስድስት ዓመት ሠርቷል።

"ታዲያ ለምን አላረሙትም?" አልኩት። "አንድ ወረቀት ነበር። ቀድዶ ሌላ መለጠፍ ነበር።"

የመለሰልኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ።

"ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሜ ስትገቡ አያችሁ ነበር" አለኝ። "ከእናንተ አንዷ፣ 'ያ ነገር ልክ አልነበረም' ብትለኝ፣ የዚያኑ ቀን ዘይነባን ወደ ሥራዋ ላስጠራት ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ብቻዬን አልደፈርኩም፤ እኔም አለቃ ነበረብኝ። አንዳችሁም ቀና ብላችሁ አላያችሁኝም። እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም። እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት።"